ማዕቀብ ሲጣል መውጫው ለምን አብሮ አይጻፍም?

ስለ ማዕቀብ ሳንሰማ የምናሳልፈው ወር የለም። ሩሲያ፣ ኢራን፣ ሶሪያ፣ ሱዳን፣ ሰሜን ኮሪያ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ የእኛው አገር ስም። ዜናው በመጣ ቁጥር ክርክሩ በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ይሽከረከራል፤ «ይገባቸዋል ወይ?» እና «ይሠራል ወይ?»። የመጀመሪያው የፍትሕ ጥያቄ ነው፣ ሁለተኛው የውጤት። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። በሁለቱም ላይ ብዙ ተጽፏል፣ አድማጩ ግን ዛሬም እንደተወዛገበ ነው። አንድ ጊዜ ደቡብ አፍሪካን አስታውሶ «ይሠራል» ይላል፤ ሌላ ጊዜ ኩባን ጠቅሶ «ሕዝብ ከመጉዳት በቀር ምን አመጣ?» ይላል።

ሦስተኛው ጥያቄ እምብዛም አይነሳም። ይህ ማዕቀብ መቼ ያበቃል? ምን ሲፈጸም? በማን ፈቃድ? ማዕቀብ የሚያደርሰው በደል ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው ከጭካኔው ወይም ከስፋቱ ይመስለናል። የእኔ እምነት ከዚህ ይለያል። በሰው ላይ ከደረሰው ጉዳት ትልቁ ድርሻ የመጣው ማዕቀብ የጣሉት ወገኖች መውጫውን ሳያበጁ በመግባታቸው ነው። የሥነ ምግባሩም ጥያቄ ከመግቢያው ይልቅ መውጫው ላይ ይከብዳል።

ይህን ስል ማዕቀብን በጅምላ ለማውገዝ አይደለም። አንድ መንግሥት የገዛ ሕዝቡን ሲጨፈጭፍ ወይም የጎረቤቱን መሬት ሲወር ሌላው ዓለም ሦስት ምርጫ አለው፤ ጦር ማዝመት፣ ዝም ማለት፣ ወይም በመካከል ያለ ሌላ ነገር ማድረግ። ጦር የሚዘምትበት አገር ምን እንደሚሆን ሊቢያንና ኢራቅን አይተናል። ዝምታም የራሱ ሬሳ አለው፤ ሩዋንዳ ምስክር ናት። ስለዚህ «እኔ ከእንደዚህ ዓይነት መንግሥት ጋር አልነግድም» ማለት ክብር ያለው አቋም ነው። ችግሩ የሚጀምረው ያ አቋም በተጻፈበት ወረቀት ላይ ምን እንዳልተጻፈ ስናይ ነው።

ከደቡብ አፍሪካ እንጀምር፤ የማዕቀብ ደጋፊዎች ሁሉ የሚጠሯት እሷን ነውና። እ.ኤ.አ. በ1986 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ኮንግረስ የፕሬዚዳንት ሬገንን ተቃውሞ ሽሮ በአፓርታይድ መንግሥት ላይ ማዕቀብ የሚጥል ሕግ አጸደቀ። ስለዚህ ሕግ ሲነገር ጎልቶ የሚወሳው ኮንግረስ ፕሬዚዳንቱን ማሸነፉ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ክፍሉ ነው። ሕጉ ማዕቀቡ የሚነሣባቸውን አምስት ነገሮች በግልጽ ዘርዝሮ ነበር፤ ኔልሰን ማንዴላና ሌሎች የፖለቲካ እስረኞች ይፈቱ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ይነሣ፣ የታገዱ ፓርቲዎች ይፈቀዱ፣ ሕዝቡን በዘር የሚመዘግበውና የመኖሪያ ሥፍራውን በዘር የሚከፋፍለው ሕግ ይሻር፣ ከጥቁሩ ሕዝብ ወኪሎች ጋር በቅን ልቦና ድርድር ይጀመር። ፕሪቶሪያ ያሉት ሰዎች ምን ቢያደርጉ ምን እንደሚያገኙ ያውቁ ነበር። ማንዴላ በፌብሩዋሪ 1990 ተፈቱ፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ በጁላይ 1991 ፕሬዚዳንት ቡሽ አምስቱም ተሟልተዋል ብለው ማዕቀቡን አነሡ። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ «ገና ነው፣ ያልተፈቱ እስረኞች አሉ» ብሎ ተቃውሞ ነበር። ክርክሩ ግን የተጻፈ መስፈርት ተሟላ ወይስ አልተሟላም የሚል ክርክር ነበር። ወረቀት ይዞ መከራከር ይቻላል።

ኢራቅ ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ሳዳም ሁሴን ኩዌትን በወረረ በአራተኛው ቀን፣ በኦገስት 1990፣ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 661 ኢራቅን ከዓለም ንግድ አገለላት። ዓላማው የማያሻማ ነበር፤ ከኩዌት ውጣ። በፌብሩዋሪ 1991 ኩዌት ነፃ ወጣች። ማዕቀቡ ግን አልተነሣም። በኤፕሪል የወጣው ውሳኔ ቁጥር 687 ትጥቅ ማስፈታትን አዲስ ቅድመ ሁኔታ አደረገው። ይህም ቢሆን በወረቀት ላይ ያለ መውጫ ነበር። ቀጥሎ ያ መውጫ በቃል ተዘጋ። በማርች 1997 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማድሊን ኦልብራይት፣ ኢራቅ የትጥቅ ግዴታዋን ከተወጣች ማዕቀቡ መነሣት አለበት የሚሉትን አገሮች ሐሳብ እንደማይቀበሉት በአደባባይ ተናገሩ። ባግዳድ የሰማችው ይህን ነው፤ የተባልኩትን ብፈጽምም ባልፈጽምም ያው ነኝ። ከዚያ ወዲያ ለመታዘዝ ምን ምክንያት ቀረ?

ከዚህ በስተጀርባ ብዙ የማይነገርለት አሠራር አለ። የጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ አባላት አንድ ውሳኔ እንዳይወጣ በድምፃቸው ማገድ እንደሚችሉ ሁሉም ያውቃል። የማብቂያ ቀን የሌለው ማዕቀብ አንዴ ከጸደቀ በኋላ ግን ይኸው ሥልጣን ተገልብጦ ይሠራል። ለማንሣት አዲስ ውሳኔ ያስፈልጋል፤ ያንን አዲስ ውሳኔ ደግሞ ከአምስቱ አንዱ ብቻውን ሊያስቀረው ይችላል። ማዕቀቡን ለመጣል የብዙዎች ስምምነት ያስፈልግ ነበር፤ ለማቆየት ግን የአንድ አገር እምቢታ ይበቃል። ኢራቅ በዚህ ወጥመድ ውስጥ ከ12 ዓመት በላይ ኖረች። ማዕቀቡ በአብዛኛው የተነሣው በሜይ 2003፣ አገሪቱ ከተወረረች በኋላ ነው። ወራሪዎቹ የፈለጉት የጦር መሣሪያ ክምችት ከዚያ በኋላ ሲፈለግ አልተገኘም።

በእነዚያ ዓመታት ስለ ሞቱ ሕፃናት ብዙ ተብሏል። ኦልብራይት በ1996፣ ያኔ በተባበሩት መንግሥታት የአገራቸው አምባሳደር ሳሉ፣ ግማሽ ሚሊዮን ሕፃናት ሞተዋል መባሉ ተጠቅሶላቸው ዋጋው የሚገባ ነው የሚል መልስ በቴሌቪዥን ሰጡ፤ ኋላ ተጸጽተውበታል። አንባቢ ግን ይህንም ማወቅ አለበት፤ በ2017 የታተመ ጥናት ያ ቁጥር በኋላ የተደገፈበት መረጃ በኢራቅ መንግሥት የተዛባ እንደነበር አሳይቷል። ሳዳምም ነዳጅ ሸጦ ምግብ የመግዣውን ሐሳብ በ1991 ሲቀርብለት እምቢ ብሎ እስከ 1996 አቆይቶታል። የሕዝቡ መከራ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል። ቁጥሩ መውደቁ ግን የታየውን አያጠፋም። የውኃ ማጣሪያና የኤሌክትሪክ ዕቃ በኒውዮርክ በምክር ቤቱ የማዕቀብ ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ ታግዶ ይከርም ነበር። በባግዳድ የተባበሩት መንግሥታትን የሰብዓዊ ሥራ የመሩት ዴኒስ ሃሊዴይ በ1998፣ እሳቸውን የተኩት ሃንስ ፎን ሽፖኔክ በ2000 የማዕቀቡን ጉዳት ተቃውመው ሥራቸውን ለቀዋል። እኔ ከኦልብራይት መልስ ይልቅ የሚከብደኝ ዋጋው የሚከፈልበት ነገር ራሱ መቀያየሩ ነው። ኩዌት፣ ከዚያ ትጥቅ፣ ከዚያ የአንድ ሰው ከሥልጣን መውረድ። የሚገዛው ነገር ሳይታወቅ ዋጋው ተገቢ ነው አይደለም ብሎ መፍረድ እንዴት ይቻላል?

ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። በአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን ቢነበቡ ብዙ የሚያስተምሩ ሁለት ውሳኔዎች አሉ። በሜይ 2000፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በተፋፋመበት ሰዓት፣ ምክር ቤቱ በውሳኔ ቁጥር 1298 በሁለቱም አገሮች ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጣለ። ጽሑፉ ለ12 ወራት ይላል። በዲሴምበር ሁለቱ አገሮች አልጀርስ ላይ ተፈራረሙ፤ በሜይ 2001 ቀኑ ሲደርስ ማዕቀቡ በራሱ ጊዜ አበቃ። የሚያነሣው ሰው አላስፈለገም። ዛሬ የሚያስታውሰውም ጥቂት ነው።

ሁለተኛው በዲሴምበር 2009 በኤርትራ ላይ የተጣለው ውሳኔ ቁጥር 1907 ነው። ምክንያቱ ሁለት ነበር፤ በሶማሊያ ለታጣቂዎች ድጋፍ መስጠት፣ ከጅቡቲ ጋር ያለውን የድንበር ግጭት አለመፍታት። የማብቂያ ቀን አልነበረውም። ኢትዮጵያ በኢጋድና በአፍሪካ ኅብረት በኩል ለዚህ ውሳኔ በብርቱ ሠርታለች፤ ይህ የአደባባይ ምስጢር ነው። ዓመታት አለፉ። ማዕቀቡን እንዲከታተል የተሰየመው የባለሙያዎች ቡድን ኤርትራ አልሸባብን ትደግፋለች የሚያሰኝ ማስረጃ እንዳላገኘ በተከታታይ ሪፖርቶቹ ጻፈ። ማዕቀቡ ግን በየዓመቱ እንዳለ ቀጠለ። በጁላይ 2018 አዲስ አበባና አስመራ ታረቁ፤ በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያ ማዕቀቡ ይነሣ ብላ ጠየቀች፤ በኖቬምበር ምክር ቤቱ በውሳኔ ቁጥር 2444 በሙሉ ድምፅ አነሣው።

በዚያ ዓመት ሁላችንም ተደስተናል። ደስታው ሲሰክን ግን መጠየቅ የሚገባው ነገር አለ። ማዕቀቡ የተጣለው በሶማሊያና በጅቡቲ ጉዳይ ከሆነ፣ እንዲነሣ የወሰነው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕርቅ ለምን ሆነ? የባለሙያዎቹ ሪፖርት ለዓመታት ያላስከፈተውን በር የሁለት መሪዎች መተቃቀፍ ከፈተው። የአስመራ መንግሥት በሕዝቡ ላይ የሚያደርሰውን ግፍ የሚክድ አላዋቂ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ኮሚሽንም መዝግቦታል። ሆኖም ማዕቀቡ የተጣለው በዚያ ምክንያት አልነበረም፣ የተነሣውም ያ ስለተሻሻለ አልነበረም። እኛ ኢትዮጵያውያን የመንግሥታቱ ማኅበር በፋሺስት ኢጣሊያ ላይ የጣለውን ደካማ ማዕቀብ በ1936፣ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች በሁለት ወር ውስጥ ማንሣቱን ስናስታውስ አሁንም ያንገበግበናል። ነዳጅ ያልተከለከለበት ማዕቀብ ነበር፤ ያም ቢሆን የተነሣው ወራሪው ስለወጣ ሳይሆን ስላሸነፈ፣ ለንደንና ፓሪስም ሙሶሊኒን ማባበል ስለፈለጉ ነው። በዚያን ጊዜ የተበደልነው በመውጫው ነው። ስለዚህ ሌላው ላይ የተጣለ ማዕቀብ ዕድሜው በእኛ ቅያሜና ዕርቅ ሲለካ ዝም ማለት አይገባንም ነበር።

አሁን ወደ ሱዳን፤ ነገሩ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው እዚያ ነው።

አሜሪካ ሱዳንን ሽብርተኝነትን ከሚደግፉ መንግሥታት ዝርዝር ውስጥ ያስገባችው በኦገስት 1993 ነው። ምክንያት አልጠፋም፤ ኦሳማ ቢን ላደን በዚያ ዘመን ካርቱም ይኖር ነበር። በ1997 አጠቃላይ የንግድ ማዕቀብ ተጨመረ። ከዚያ ዳርፉር መጣ፤ የኦማር አል በሽር መንግሥት በገዛ ዜጎቹ ላይ ያደረሰው እልቂት ማንኛውንም ቁጣ የሚገባው ነበር። ይሁን እንጂ የዝርዝሩ ሕግ ምን እንደሚል እንይ። አንድ መንግሥት ላለፉት ስድስት ወራት ሽብርን ካልደገፈና ወደፊትም ላለመደገፍ ቃል ከገባ ሊሰረዝ ይችላል። ሌላም መንገድ አለ፤ የአገሪቱ አመራርና ፖሊሲ ከመሠረቱ ከተለወጠ። በወረቀት ላይ መውጫው እንዲህ አጭር ነበር። ሱዳን በዝርዝሩ ላይ የቆየችው 27 ዓመት ነው።

በእነዚህ ዓመታት ማዕቀቡን በተግባር ያስከበረው ወታደር ወይም ዲፕሎማት አልነበረም፤ የባንክ ሠራተኛ ነው። በ2014 የፈረንሳዩ ቢኤንፒ ፓሪባ ባንክ ከሱዳን፣ ከኢራንና ከኩባ ጋር የተያያዘ ገንዘብ በማንቀሳቀሱ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ያን ያየ ባንክ ሁሉ ከሱዳን ጋር በሕግ የተፈቀደውንም ንግድ ፈርቶ ተወው። በባንኩ ሰው ቦታ ሆናችሁ አስቡት፤ የመድኃኒት ክፍያ ብታሳልፉ የምታገኙት ጥቂት ኮሚሽን ነው፤ ብትሳሳቱ ድርጅታችሁን ልታጠፉ ትችላላችሁ። ለዚህም ነው አሜሪካ በኦክቶበር 2017 የንግድ ማዕቀቡን አንሥታም ባንኮቹ ያልተመለሱት። የአገሪቱ ስም ገና ከሽብር ዝርዝሩ አልተፋቀም ነበርና። በሪያድ፣ በለንደን፣ በዋሽንግተን ያለ ሱዳናዊ ለእናቱ ገንዘብ የሚልከው በሰው እጅና በሐዋላ ሆነ። አስመጪው በጥቁር ገበያ ዶላር መግዛትን ተለማመደ። በዚህ ዓይነት ገበያ የሚከብረው ጠመንጃ ያለው ነው። ወርቁ በድብቅ ይወጣ ነበር፤ የሠራዊቱና የጸጥታ ኃይሉ ኩባንያዎችም ከገንዘብ ሚኒስቴር ዓይን ውጭ ደለቡ።

በኤፕሪል 2019 ሕዝቡ በባዶ እጁ አል በሽርን አወረደ። በኦገስት፣ ለዓመታት አዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሠሩት አብደላ ሃምዶክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ቢን ላደንን ያስጠለለው መንግሥት የለም፤ ዳርፉርን ያቃጠለው ሰው እስር ቤት ነው። ሕጉ «አመራርና ፖሊሲ ከመሠረቱ ከተለወጠ» የሚለው ለእንዲህ ያለ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው? ሆኖም ካርቱም ሌላ 16 ወር ጠበቀች። በመጀመሪያ በ1998 በናይሮቢና በዳሬሰላም ኤምባሲዎች ላይ በደረሰውና 224 ሰዎች በሞቱበት የቦምብ ጥቃት፣ እንዲሁም በ2000 በአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ በተፈጸመው ጥቃት ለተጎዱት ካሳ እንድትከፍል ተጠየቀች፤ 335 ሚሊዮን ዶላር። ቀጥሎ ከእስራኤል ጋር የመታረቅ ጉዳይ ከስረዛው ጋር ተያያዘ፤ ሁለቱም በኦክቶበር 2020 በአንድ ቀን ተነገሩ። ስሟ የተሰረዘው በዲሴምበር ነው።

የተጎጂዎቹን ጥያቄ ቀላል አድርጌ ማየት አልፈልግም። ከሞቱት የሚበዙት አፍሪካውያን ነበሩ፤ ፍትሕም ይገባቸዋል። ነገር ግን ዕዳውን የከፈለው ማን ነው? በ2020 መጨረሻ ሱዳን ውስጥ የዋጋ ግሽበቱ ከ200 በመቶ አልፎ ነበር። ዳቦና ነዳጅ ለመግዛት ሰልፍ ላይ የሚያድረው ሰው በ1998 ገና ሕፃን ወይም ያልተወለደ ሊሆን ይችላል። የእስራኤሉ ጉዳይ ደግሞ በ1993 ከተጻፈው ምክንያት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ከእስራኤል ጋር መታረቅ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው ለብቻው የሚታይ ነው፤ የተራበ የሽግግር መንግሥት በሽብር ዝርዝር ተይዞ እንዲወስን መደረጉ ግን በምንም ሚዛን ፍትሕ አይባልም።

ከስረዛው በኋላ ነገሮች ፈጥነው ነበር። በጁን 2021 ሱዳን ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳዋን ለማቃለል ወደሚያስችለው ሂደት ገባች። በኦክቶበር 25 ጄኔራሎቹ ሃምዶክን አስረው ሥልጣን ያዙ። በኤፕሪል 2023 ጄኔራሎቹ እርስ በርሳቸው ተታኮሱ፤ በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ የተሰደደው ሕዝብ የዚያ ውጤት ነው። መፈንቅለ መንግሥቱን ያመጣው የማዕቀቡ መዘግየት ነው ማለት አልችልም፤ ጄኔራሎቹ የራሳቸው ስግብግብነት ነበራቸው። ግን ሲቪሎቹ ለሕዝባቸው ሊያሳዩት የሚችሉት ፍሬ አጥተው የባከኑት እነዚያ 16 ወራት፣ ባይባክኑ ኖሮ ብዬ ማሰቤን ማቆም አልቻልኩም።

ታዲያ መውጫው ለምን ይረሳል? ክፋት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ይበልጥ የሚታየኝ የፖለቲካ ስሌት ነው። ማዕቀብ መጣል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መግለጫ ይወጣል፣ ካሜራ ይቀርጻል፣ መሪው ቆራጥ ይባላል። ማንሣት ግን ለሚያነሣው ሰው ዕዳ ነው። «ለአምባገነን ተለሳለሰ» ይባላል፤ ተጎጂዎች ይቆጣሉ፤ የምክር ቤት አባላት ይጮኻሉ። በሌላ በኩል ማዕቀብ ስለቀጠለ ምርጫ የተሸነፈ መሪ አላውቅም። የኩባ ማዕቀብ ከ1962 ጀምሮ ያለው፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከ1992 ወዲህ በየጊዜው ይነሣ ብሎ ድምፅ እየሰጠም የቀጠለው ለዚህ ነው። ጉዳቱን የሚቀበለው ሰው ደግሞ ድምፅ በሚሰጥበት አገር አይኖርም። በጣዩና በተቀባዩ መካከል ያለው ይህ ርቀት ማዕቀብን ከሌላው የውጭ ፖሊሲ ውሳኔ ሁሉ ለመርሳት የተመቸ ያደርገዋል።

ሐዋሳ ይህን በቅርብ አሳይታናለች። በሰሜኑ ጦርነት ትግራይ ውስጥ፣ ኋላም በአማራና በአፋር የተፈጸመው ግፍ ዓለም ዝም ሊለው የማይገባ ነበር፤ እርምጃ ይወሰድ ያሉትን አልወቅስም። አሜሪካ ከወሰደቻቸው እርምጃዎች አንዱ ኢትዮጵያን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ማስወጣት ነበር። ባለሥልጣናቱ ይህ ማዕቀብ ሳይሆን ዕድልን ማንሣት ነው ሊሉ ይችላሉ፤ በሕግ ቋንቋ ልክ ናቸው። ውሳኔው ገና ተግባራዊ ሳይሆን የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በፓርኩ የሚሠሩት በአብዛኛው ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ በጦርነቱ ውሳኔ እጃቸው የለበትም። ኢትዮጵያ ስትወጣ ወደ ዕድሉ የመመለሻ ግልጽ መመዘኛ እንዳለ ተነግሮ ነበር። መመዘኛው ምን እንደሆነ ግን በአደባባይ ሲዘረዘር አልሰማንም። በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ጦርነቱ በሰሜን ቆመ። ኢትዮጵያ ግን አጎዋ በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ዘመኑ እስካበቃበት ቀን ድረስ አልተመለሰችም፤ በመካከል በሌሎች ክልሎች የቀጠለው ግጭትም ለመመለሱ ተቃዋሚዎች ምክንያት ሆኗቸዋል። በጦርነቱ ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ የኛው ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ሰልፍ ወጥተዋል፤ ገሚሱ ማዕቀብ ይጣል፣ ገሚሱ አይጣል። «ከተጣለስ በምን ይነሣል?» የሚል ሦስተኛ ወገን ቢኖር ኖሮ ለሐዋሳ ሠራተኞች ከሁለቱም ይልቅ ይጠቅም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ሐሳብ ጠንካራ መቃወሚያ አለ፤ ዲፕሎማቶች የሚሉት ነው። መስፈርቱን አስቀድመህ ከጻፍክ ባላጋራህ ዝቅተኛውን ብቻ ፈጽሞ ያመልጥሃል፤ ቀኑን ከወሰንክ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል፤ ግልጽ አለማድረግ የመደራደሪያ ጉልበት ነው። ይህ በሰሜን ኮሪያ ወይም በሩሲያ ፊት ክብደት እንዳለው አልክድም። የታየው ተሞክሮ ግን ወደ ሌላ ይጠቁማል። ሊቢያ ላይ በ1992 የተጣለው ማዕቀብ በዋናነት አንድ የሚጨበጥ ጥያቄ ነበረው፤ በሎከርቢ የአውሮፕላን ፍንዳታ የተጠረጠሩትን ሁለት ሰዎች አስረክብ። ጋዳፊ ለዓመታት ካንገራገረ በኋላ በኤፕሪል 1999 አስረከበ፤ ማዕቀቡም በዚያው ቀን ታገደ። ጋዳፊን የሚያህል ሰው እንኳ መውጫው ሲታየው ወጣ። ሳዳም መውጫ እንደሌለው ሲነገረው ግን መሸገ።

በቅርብ ዓመታት የተደረገ አንድ መሻሻል አለ። በዲሴምበር 2022 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 2664 የንብረት ማገድ ማዕቀቦቹ የሰብዓዊ ርዳታን እንዳያደናቅፉ አጠቃላይ ነፃ ፈቃድ ሰጠ። የብዙ ሰው ሕይወት የሚያተርፍ ውሳኔ ነው። ሆኖም ርዳታ ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ አገር ሠርቶ እንዲበላ መፍቀድ ሌላ። በሶሪያ ይህ ልዩነት ጎልቶ ታይቷል። በፌብሩዋሪ 2023 የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደርስ አሜሪካ ለርዳታ ገንዘብ የ180 ቀን ፈቃድ ሰጠች፤ ባንኮች ግን እንደለመዱት ፈሩ። በዲሴምበር 2024 በሽር አል አሳድ ኮበለሉ። ማዕቀቡ የተጣለባቸው ሰው ከሄዱ በኋላም ማዕቀቡ ሕዝቡ ላይ ቆየ፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አነሣዋለሁ ያሉት ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ በኮንግረስ የወጣውን ዋናውን ሕግ ለመሻር ደግሞ ፊርማቸው ብቻ አልበቃም። የፈረሰ ቤቱን ሊሠራ የተመለሰ ሶሪያዊ ስሚንቶ የሚገዛበት የባንክ መንገድ እስኪከፈት መጠበቅ ነበረበት።

መውጫ መጻፍ ማዕቀብን ያላላል ለሚሉ ዛሬ የሚታይ አንድ ማስረጃ አለ፤ እሱም ከዚያችው ከሱዳን ነው። በዳርፉር ላይ ከ2004 ጀምሮ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ አለ፤ ለብዙ ዓመታት የማብቂያ ቀን አልነበረውም። በማርች 2023፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ምክር ቤቱ በውሳኔ ቁጥር 2676 ለመጀመሪያ ጊዜ ማብቂያ ቀን አስገባበት፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2024። ቀኑ ሲደርስ የዳርፉሯ ከተማ ኤል ፋሸር ተከብባ ነበር። ማዕቀቡ በራሱ አልሞተም፤ አባላቱ ተሰብስበው፣ ተነጋግረው፣ በሙሉ ድምፅ ለሌላ አንድ ዓመት አራዘሙት፤ በ2025ም ደገሙት። ጦር መሣሪያው አሁንም ወደ ዳርፉር ይገባል፤ ያ የአስከባሪዎቹ ድክመት ነው። በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ በሁለቱም ጄኔራሎች፣ በሃምዳን ዳጋሎና በአብደል ፋታህ አል ቡርሃን ላይ ማዕቀብ ጥላለች፤ ይገባቸዋል። ሰላም በወረደ ማግስት ካርቱም ላይ የሚቆመው መንግሥት ከእነዚህ ዝርዝሮች ጋር ምን እንደሚያገናኘው፣ የትኛውን ፈጽሞ የትኛው እንደሚነሣለት፣ ለእናቱ ገንዘብ የሚልከው ሰው ባንክ የሚከፈትለት በስንተኛው ወር እንደሆነ ከአሁኑ ተጽፎ በአደባባይ ቢቀመጥ፣ ሃምዶክን የተካ ሰው በመጣ ጊዜ ሌላ 16 ወር አይጠብቅም።